በር የያዘች ጀግና

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነፋስ የሚባል ያልተመዘገበ ነዋሪ አለ። ኪራይ አይከፍልም፤ የጽዳትና የጥበቃ መዋጮ ሲሰበሰብም አይገኝም። ከሰዓት በኋላ ግን ኮሪደር ለኮሪደር እየዞረ የሰው በር ሲያላጋ ይውላል። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ይህን ነዋሪ አደብ የሚያስገዙበት ዘዴ ካገኙ ሰነባብተዋል። የልጃቸውን መጽሐፍ በሩ ሥር ይወሽቁበታል።

መጽሐፉ ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ወፍራም ነው። ልጅቱ ሜክሲኮ አካባቢ፣ መጻሕፍቱን ከክንዱ እስከ አገጩ ከደረደረ አዟሪ ላይ ተከራክራ የገዛችው አሮጌ ስለሆነም ቢቆሽሽ አያሳዝንም። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ የእናትየው ነው። ልጅቱ ግን ጠዋት ገጹን ምልክት አድርጋበት የወጣችው ታሪክ ማታ ስትመለስ በር ጠባቂ ሆኖ ሲቆያት ደሟ ይፈላል።

«እማዬ፣ ስንት ነገር ሞልቶልሽ!»

«ምን አለበት? ዝም ብሎ ከሚቀመጥ!»

ከበሩ ይልቅ የሚያናድዳት ግን ጥያቄው ነው። ደረጃ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ቡና ላይ፣ መጽሐፉን ያየ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃታል። «ለፈተና ነው?»

አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት እጅ ላይ የታየ ወፍራም መጽሐፍ ከፈተና ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም። ትምህርት ቤት ሳለች «ለማትሪክ ነው?» ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ «ለፋይናል ነው?» ሆነ። አሁን ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ስለሆነ «ለመሥሪያ ቤት ፈተና ነው?» ይሏታል፤ በቅንነት፣ አልፎ አልፎም ከነምርቃቱ። «ያሳልፍሽ!» ብለዋት የሚያልፉ አሉ። አሜን ትላለች፤ ምን ትበል?

ባቡር ውስጥ ደግሞ ጠያቂውም ተጠያቂዋም መሸሻ የላቸውም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማዋ ቀላል ባቡር፣ ሰው በሰው ላይ ሲነባበርበት ሳይታወጅ የጋራ ንባብ ቤት ሆኗል። አንድ ሰውዬ ከስታዲየም ጀምሮ አገጩን ትከሻዋ ላይ ሊያሳርፍ ምንም ሳይቀረው አብሯት ሲያነብ ቆየና ልደታ ሊደርሱ ሲሉ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ምንድን ነው የሚያወራው?»

«ሰው ሁሉ ስለጠላት አንዲት ልጅ ነው።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ አሞራ መሆን ትችላለች።»

ሰውዬው አማተበ። ቀሪውን መንገድ በመስኮት ሲመለከት ሄደ።

ልጅቱ አልዋሸችም። መጽሐፉ ከናይጄሪያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደችው ኔዲ ኦኮራፎር እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመችው፣ በዓመቱም የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን ያገኘ ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በጎረቤታችን በሱዳን በረሃ ነው። ባለታሪኳ እናቷ በጦርነት ተደፍራ የወለደቻት ናት፤ ከመልኳ ብቻ ይታወቅባታል፤ ከተማው ይጸየፋታል። አስማት የሚያውቀው ሽማግሌ እንዲያስተምራት ብትለምነው «ሴት አላስተምርም» ብሎ ይመልሳታል። ኃይሉ ግን አስቀድሞ በውስጧ ነበረ። ስሟ በኢቦ ቋንቋ «ሞትን የሚፈራ ማነው?» ማለት ነው፤ የመጽሐፉም ርዕስ እሱው ነው።

ልጅቱ አንድ ቀን፣ ምናልባት መጽሐፉ ከበር ሥር ነፃ ይወጣ እንደሆነ ብላ፣ ርዕሱን ለእናቷ ተረጎመችላቸው።

«ሞትን የሚፈራ ማነው? ነው የሚለው፣ እማዬ።»

«ሴት ያልላከው ነዋ!» አሉ እናትየው፣ ሽንኩርት መክተፋቸውን እንኳ ሳያቋርጡ።

«ሴት የላከው ሞት አይፈራም» የሚለውን ተረት ገልብጠው መመለሳቸው ነው። ኔዲ ኦኮራፎር መጽሐፍ ሙሉ የደከመችበትን ጥያቄ የልደታዋ እናት በሦስት ቃል ዘጉት። መጽሐፉም ወደ በሩ ተመለሰ።

እዚያ ፎቅ ላይ የቡና ጉባኤ አለ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ዕጣኑን ይዘው ይመጣሉ፤ ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሱት ጡረተኛ ጋሼ ደግሞ ወሬውን። ጋሼ መጽሐፉን አንስተው አገላበጡት፤ ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት፤ ስለ ምን እንደሆነ ሰሙና ብይን ሰጡ።

«ፈጠራ ነው።»

በጋሼ አፍ ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «የፈጠራ ክስ» ሲባል፣ «ምስክሩ የተናገረው ልብ ወለድ ነው» ሲባል፣ «ችሎቱ ተረት ተረት የሚሰማበት ጊዜ የለውም» ሲባል ሰምተዋል። ነገሩን ላሰበው ይገርማል። አማርኛ ለዚህ ጥበብ ሦስት የሚያምሩ ስሞች ሰጠችው፤ ተረት፣ ፈጠራ፣ ልብ ወለድ። ሦስቱንም እንደገና ወስዳ ውሸታም ለመስደቢያ አደረገቻቸው።

ልደታ ላይ ተቀምጦ ልብ ወለድን መናቅ ደግሞ ትንሽ ያስተዛዝባል። «ልደት» እና «ወለድ» የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ግንቦት 1 ቀን ጎረቤት ሁሉ ንፍሮውንና ዳቦውን ይዞ ከቤት ውጪ የሚሰበሰበው ለምን እንደሆነ እትዬን የጠየቀ ሰው የተገፉ ሰዎችን ታሪክ ይሰማል። ሐናና ኢያቄም ልጅ አጥተው ይናቁ ነበር፤ እመቤታችንን የወለዷትም በቤታቸው ሳይሆን በሊባኖስ ተራራ ነው ይላሉ። ንፍሮው የዚያ መታሰቢያ ነው። ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ «ውጪ» ማለት የቆሙ መኪኖች መሐል ማለት ሆኗል፤ እትዬ ግን ወርደው ምንጣፋቸውን ሳያነጥፉ ቀርተው አያውቁም።

እናም ጋሼ «ፈጠራ» ሲሉ እትዬ ተቆጡ።

«ምኑ ነው ፈጠራ? የዘንዶዋን ልጅ አታውቅም እንዴ?»

አቦሉ ወረደ። እትዬም ጀመሩ።

በጥንት ዘመን በትግራይ ምድር ዘንዶ ይመለክ ነበር። (የነገሥታቱ ዝርዝር ዐርዌ የሚለው ይኸው ነው፤ 400 ዓመት ነግሧል ይባላል። ጋሼ እዚህ ላይ ስለ ጡረታ አንድ ነገር አጉረመረሙ።) ሰዉ ሁሉ በተራው የበኩር ሴት ልጁን ይገብርለታል። ተራው የአንዲት ልጅ ቤተሰብ ሆነና ወስደው ዛፍ ላይ አሰሯት። ሰባት ቅዱሳን ከዛፉ ጥላ ሥር ሊያርፉ ሲቀመጡ የልጅቱ እንባ ጠብ አለባቸው። ቀና ብለው አዩ፤ ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። ዘንዶው ሲመጣ በመስቀላቸው ገደሉት። ታዲያ ደሙ ተፈናጥሮ ተረከዟ ላይ ያርፋል፤ ተረከዟም የአህያ ኮቴ ሆኖ ቀረ።

«ፈቷትና ወደ አገርሽ ግቢ አሏት» አሉ እትዬ፣ ፍንጃሉን ሳይሞሉ አንጠልጥለው። «ሄደች። የአገሩ ሰው ግን ከዘንዶው ያመለጠች መስሎት ውጪልን፣ ልታስጨርሺን ነው ብሎ አባረራት። መሸ። ዛፍ ላይ ወጥታ አደረች።»

ጸጥ ሆነ። ጀበናው ብቻ ይንተከተካል።

«በነጋታው ሰዎቹን ጠርታ የሞተውን ዘንዶ አሳየቻቸው። ያን ጊዜ አነገሧት።»

«ይቅርታ ጠየቋት?» አለች ልጅቱ።

«ካነገሧት ወዲያ ምን ይቅርታ ያስፈልጋል!»

ይህ ትረካ የእትዬ ፈጠራ አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን የአክሱም ባህል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1904 አሳትሞታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አክሱምን ያጠናውን የጀርመን ቡድን የመራው እሱ ነው። በትረካው ውስጥ የልጅቱ ስም እትዬ አዜብ ነው። ልብ ይሏል፤ «ንግሥት» ወይም «ግርማዊት» አይደለም የተባለችው። ንግሥተ ሳባ፣ የሰሎሞን እንግዳ፣ የምኒልክ እናት፣ በሕዝቡ አፍ ልክ እንደ ሁለተኛ ፎቅ ጎረቤት «እትዬ» ናት።

እትዬ አዜብ ከነገሠች በኋላ የመጀመሪያ ሹመቷ እንደ እሷ ያለች አንዲት ልጃገረድ ሆነች። ቀጥሎም የኢየሩሳሌሙ ሰሎሞን ደጁን የረገጠ ሰው ከበሽታው ይድናል ሲባል ሰማች። ሁለቱ ልጃገረዶች እንደ ወንድ ለብሰው መንገድ ጀመሩ፤ ከሰሎሞን ደጃፍ ስትደርስ እግሯ እንደ ቀድሞው ሆነ። የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ ክብረ ነገሥት ይህን ኮቴ አያውቀውም። እዚያ ማክዳ ከመጀመሪያውም ባለ ሀብት፣ ባለ ጥበብ ናት፤ የሰሎሞንን ዝና የሚያወራላት ታምሪን የሚባል ነጋዴም አላት። ሕዝቡ ግን ዘንዶውን አልተወም። ቱሪስት የሚገዛው፣ ታሪኳን በ44 ትንንሽ ሳጥኖች የሚዘረዝረው የጨርቅ ሥዕል እንኳ ዘወትር ከዘንዶው ነው የሚጀምረው። የሊቃውንቱ መጽሐፍ ንግሥት ሰጠን፤ የቡናው ወግ ደግሞ ዛፍ ላይ ያደረች ልጅ። ልብ የሚይዘው የትኛው እንደሆነ ዘንዶው ላይ የጠፋውን ቀለም ያየ ይፍረድ።

ጋሼ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «እሺ፣ ዮዲትስ?» አሉ።

እዚህ ላይ እትዬ ዝም አሉ፤ አማተቡም። ነገሩ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ዮዲት ጉዲትም የተባረረች ናት። ከሚነገሩት አፈ ታሪኮች በአንዱ፣ አንድ ወጣት ዲያቆን በፍቅሯ ተይዞ ጫማ ሊያሠራላት ከአክሱም ጽዮን የወርቅ መጋረጃ ይቆርጣል። ሲደረስበት እሷም ተቀጣች፤ ጡቷን ቆርጠው ከአገር አስወጧት ይባላል። በሰው አገር ባለ ሥልጣን አገባች፤ ጦር ይዛ ተመለሰች፤ አክሱምን አቃጠለች። ከአፈ ታሪኩ ውጪ፣ ዐረባዊው ተጓዥ ኢብን ሐውቀል በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐበሻን አገር አንዲት ሴት እንደምትገዛ ጽፏል። እንግዲህ ሁለቱም ትረካዎች የሚጀምሩት አንድ ቦታ ነው፤ ሰው አስወጥቷት፣ በሩ ተዘግቶባት፣ መሽቶባት በቆመች ሴት። አንደኛዋ በማግስቱ መንደሯ ገባች። ሌላኛዋን ማንም አልጠራትም።

«ጫማ ነው ያሳሳታት» አሉ እናትየው በመጨረሻ። «ጫማ ብዙ ሰው አሳስቷል።» ይህን ሲሉ በር ሥር ወደ ተደረደሩት የልጃቸው ጫማዎች ተመለከቱ፤ መጽሐፉም እዚያው ነበር።

ጋሼ ይሄ ሁሉ የሴት ተረት ነው ሊሉ አስበው ነበር መሰል፤ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ባይተዉትም መልሱ ሩቅ አልነበረም። ከዚያው ክፍለ ከተማ ሳይወጡ፣ የባልቻ ሆስፒታል ስም በልጅነቱ ጦር ሜዳ ላይ ተሰልቦ የተገኘ፣ በምኒልክ ቤት አድጎ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ መድፈኞቹን ያዘዘ ሰው ስም ነው። መርፌ ለመወጋት የሚሰለፈው ሰው ይህን ባያስታውስ አይፈረድበትም።

ልጅቱ የቀራት አንድ ክርክር ነበር፤ ለጋሼ ያዘጋጀችው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ስለ ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ስትል ጠየቀቻቸው። ጋሼ ያውቃሉ፤ ስሙን ሳይሆን ጸሐፊውን። «የአፈወርቅ ነው። ባንዳው።»

አዎ፤ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ። ለጣሊያን አድሯል ተብሎ በስተርጅና ጅማ ተግዞ እዚያው ያረፈው። ኔፕልስ ላይ አማርኛ ሲያስተምር በነበረበት ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። ጋሼ ለስድብ የሚጠቀሙበት ቃል ለዚህ ጥበብ መጠሪያ የሆነው ከዚያ ርዕስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጽሐፉን ግን ሰው የሚጠራው በባለታሪኳ ነው፤ ጦቢያ።

የጦቢያ አባት የጦር መሪ ነበር፤ በአረመኔው ንጉሥ ጦር ተሸንፎ ተማረከ። አንድ የማያውቁት ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነፃ አወጣው። መንታ ወንድሟ ዋህድ ውለታ ልመልስ ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ሲሄድ በባርነት ተያዘ። ጦቢያም ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ወጣች። እንዴት? እንደ ወንድ ለብሳ። እንደ እትዬ አዜብ። እንዲያውም ንጉሡ ዘንድ ሲደርሱ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወይዘሮ ወንድ መስላት በፍቅሯ ትወድቃለች፤ ይህ የዛሬ 100 ምናምን ዓመት በአማርኛ የታተመ ነው፤ ጋሼ ደነገጡ። በመጨረሻ ማንነቷ ሲገለጥ ንጉሡ ራሱ ወደዳት፤ ከነሕዝቡ ክርስትና ተነሣ፤ አገባት። ለፈራጅ አንባቢ ጦቢያ ትንሽ አብዝታ ታለቅሳለች፤ አንድ አገር ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ያደረገ እንባ ግን የትም ፋንታሲ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። የስሟን ነገር ደግሞ አንባቢ ያውቃል፤ ሰው አገሩን ሲያቆላምጥ «ጦቢያ» ነው የሚለው።

«ድሮም ሴት መንገድ ስትሄድ ወንድ መምሰል ነበረባት ማለት ነው» አለች ልጅቱ።

«ድሮ?» አሉ እናትየው። «ከአብነት ማታ ስትመጪ ያን የሹራብሽን ቆብ ድፊ የምልሽ ለምን ይመስልሻል? ለብርድ ነው?»

ለአንድ አፍታ ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ ግን እትዬ ጀመሩትና ሁሉም ሳቁ።

በዚህ መሐል ልጅቱ ስለ ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴም ነገረቻቸው። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ በአብዮቱ ሰበብ ከአገር ስለወጣችው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው «የጥላው ንጉሥ» በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች መካከል ስለገባችው። ባለታሪኳ ሂሩት ወላጆቿ የሞቱባት ገረድ ናት፤ ከአባቷ የቀራት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ እሱንም ይወስዱባታል። ጣሊያን ሲመጣ ግን ገረዲቱ ዘማች ትሆናለች። ዘንዶ የለም፤ አስማት የለም። ደራሲዋ የራሷ ቅድመ አያት ጌቴ ጦርነቱ ላይ መዝመቷን ያወቀችው ልብ ወለዱን መጻፍ ከጀመረች በኋላ ነው።

«እንዴት?» አሉ ጋሼ፣ ተቆርቁረው። «መጀመሪያ ፈጠረችው፤ ከዚያ እውነት ሆኖ ተገኘ ነው የምትይኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

ጋሼ ሦስተኛውን ስኒ ጠጡ። በፍርድ ቤት ቋንቋ ይህ ምን እንደሚባል ሲፈልጉ ቆዩ። አላገኙትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፉ ወዲያው ከበር አልተነሣም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቡና አይለወጥም፤ ነፋሱም አላቆመም። ልጅቱ ግን አንድ ነገር ታዘበች። እናትየው ወጥ እያማሰሉ፣ ልብስ እያጠፉ፣ ድንገት ይጠይቃሉ። «ያ ሽማግሌ እሺ አለ?» ወይም «እናቲቱስ አለች?» ወይም «ያቺ ከተማ መቼም አትወዳትም፣ አይደል?» ልጅቱ እየተረጎመች ትነግራለች። ምልክቷ በቀን አምስት ገጽ ብቻ መጓዝ ጀመረ፤ ምክንያቱም እማዬ ሳይሰሙ ወደፊት ማንበብ ክህደት መሰላት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ደረጃውን ስትወጣ የአራተኛ ፎቅ በር እየተላጋ ነበር። ደንግጣ ሮጠች። በሩ ሥር ምንም የለም። እናትየው ሶፋው ላይ መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊደሉ የማይገባቸውን መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ምልክቱ ያለበትን ገጽ በእጃቸው እየዳበሱ ይጠብቋታል።

ከበስተኋላዋ የሚገቡት ጎረቤት ይህን አይተው ቆሙ።

«እንዴ! ለፈተና ነው?»

«አይ» አሉ እናትየው፣ ቀና ሳይሉ። «ለእኔ ነው። በሩን ያዙልኝ እስቲ፣ ልትነግረኝ ነው።»